ከተዝካሩ ማግሥት ማን ያርሳል?

ለሕግና ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ወላጅ አልባ ሕፃናትና የማኅበረሰብ ድጋፍ» የሚል ነበር። ርእሱ መልካም ነው፤ እኔ ግን ስለ ሕፃናት በጅምላ ማውራት አልችልበትም። የማውቀው ስለ ወንድምና እህት ነው፤ አባትና እናት ከሞቱ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለቀሩትና ስላልቀሩት። የማውቀውም አገር የገበሬ አገር፣ ምሥራቅ ጎጃም ነው። ስለዚህ በመካከሉ ስለ በሬ፣ ስለ ጤፍና ስለ መሬት ደብተር ማውራቴ አይቀርም። ከርእስ ወጣ እንዳትሉኝ።

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። ተረቱን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው በሁለተኛው ልጅ ለመቀለድ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የሚገርመኝ ግን የመጀመሪያው ነበር። እናቱ የሞተችበት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን አይደለም። ቤቱ በሰው የተሞላ ነው፤ ድንኳን ተተክሏል፣ እድርተኛው እንጀራና ንፍሮ ይዞ ይመላለሳል፣ ሁሉም ራሱን ይዳብሰዋል። እንደዚያ ሰሞን ተዳብሼ አላውቅም። ሰው የሚቀንሰው ከሠልስቱ በኋላ ነው፤ የልጆቹ ዕድል የሚቆረጠው ደግሞ በአርባው።

ቀኑን ልንገራችሁ። እናታችን የሞተችው በሰኔ 1985 ነው። አባታችን ከሦስት ዓመት በፊት ሄዷል። አራት ነበርን። እትዬ 15 ዓመቷ፣ ታላቅ ወንድሜ 11፣ እኔ 8፣ ትንሿ እህታችን 4። አርባው የዋለው በሐምሌ መጨረሻ ነው። የደጋ ሰው የሆናችሁ ሐምሌ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጤፍ የሚዘራበት፣ አንድ ሳምንት ያለፈው ሰው ዓመቱን የሚያጣበት ጊዜ ነው። በቤታችን የቀረው አንድ በሬ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ እንለዋለን። ጥማዱ የነበረው ሌላው በአባታችን ተዝካር ታርዷል።

ዘመዶቻችን የተሰበሰቡት ሁለት ነገር ለመወሰን ነው። አንዱ ተዝካሩ በምን ይውጣ፣ ሌላው ልጆቹን ማን ይውሰድ። የመጀመሪያው መልስ «ቦራ ይታረድ» ነበር። ሁለተኛውን ደግሞ በደግነት ተከፋፈሉት። ይህንን ቃል በሹፈት አልተጠቀምሁበትም፤ በእውነት በደግነት ነው። አጎቴ ወንድሜን እወስዳለሁ አለ፤ ከብት ይጠብቃል፣ ሲያድግም ያርሳል። አክስቴ ትንሿን ወደ ደብረ ማርቆስ ልትወስዳት ተነሣች። እኔ «ቀለም ይገባዋል» ተብዬ ለቆሎ ተማሪ ቤት ታሰብሁ፤ ደበሎ ለብሼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ልማር። እትዬን ደግሞ የሚያገባት ሰው ከወዲሁ ተገኝቷል። በግማሽ ቀን ውስጥ አራታችንም ቦታ አገኘን። ማንም ሜዳ ላይ አልወደቀም። ቤቱ ብቻ ባዶ ቀረ፤ ይህንን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ያስተዋለችው እትዬ ናት። ስታለቅስ ከቆየችበት ጓዳ ወጥታ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ከተዝካሩ ማግሥት ማን ያርሳል?» አለች።

ዝም አሉ። የመለሰላት የእናታችን የነፍስ አባት ነው። አሮጌ ቄስ ነበሩ፤ ብዙ አይናገሩም። «ለነፍሷ ፍትሐቱ ይበቃታል፤ ጠላና ዳቦ ይሁን» አሉ። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ድፍረት ይሆን ነበር። ከእሳቸው ሲወጣ ማንም ሊከራከር አልቻለም። ቦራ ተረፈ። ዛሬ እናንተ ፊት የቆምሁት፣ ቃሉን ሳላጋንን፣ በዚያ በሬ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የእርሻውን ነገር ለከተማ ልጆች ላስረዳ፤ ያለሱ የምለው ሁሉ ወግ ብቻ ይሆናል።

አንድ በሬ ያለው ቤት ባዶ ቤት አይደለም። አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ይፈልግና መቀናጆ ይገባሉ፤ ሁለቱን በሬ ጠምደው አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው ያርሳሉ። ምንም በሬ የሌለው ግን መቀናጆ የሚገባበት ነገር የለውም። መሬቱን ለሌላ አራሽ ከምርቱ እኩል ወይም ሲሶ ሊካፈል ይሰጣል፤ ሲብስበት ወለድ አግድ ያስይዘዋል። ወለድ አግድ ማለት ገንዘብ ተበድረህ ብሩን እስክትመልስ ድረስ አበዳሪው መሬትህን እያረሰ ይበላዋል ማለት ነው። ለቀብርና ለተዝካር የተበደረ ቤት ብሩን ከየት አምጥቶ ይመልሳል? አራሹ ሌላ ነው፣ እህሉ የሌላ ነው። በሥራ ዘመኔ ለአንድ ተዝካር ወጪ ከአሥር ዓመት በላይ በሌላ ሰው እጅ የቆየ ማሳ አይቻለሁ። መሬት በሕግ አይሸጥም፤ በወለድ አግድ ግን ባለቤቱ ሳይሸጠው ይሄዳል።

እና በኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። አረሙ፣ አጨዳው፣ ጉልጓሎው የእሷ ነው፤ ሞፈርና ቀንበሩ ግን የወንድ ነው። ለምን እንደሆነ ስትጠይቁ ደህና መልስ የሚሰጣችሁ የለም። እትዬ በጉልበት ከብዙ ወንድ አታንስም ነበር። ግን አንድ ቀን እርፍ ብትይዝ ሰፈሩ ዝናብ ጠፋ ሲል በእሷ ያሳብባል። ወንድሜ 11 ዓመቱ ነው። እርፉ ደረቱ ጋ ይደርሳል፤ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ሞፈሩ ዘሎ ይጥለዋል። ጤፍ ደግሞ አራትና አምስት ጊዜ መታረስ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዓመት ፈሩ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር፤ ተላላፊው ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ገብቶ ሁለት ሦስት ትልም አርሶለት ይሄዳል።

እትዬ ያደረገችው እንዲህ ነው። ካለን አራት ጥማድ መሬት (አንድ ጥማድ በግምት ሩብ ሔክታር ነው) ሁለቱን ለአጎቴ የእኩል ሰጠችው። ሁለቱን ከጎረቤታችን ጋር በመቀናጆ አሳረሰች፤ የሰውየው ጉልበት ደግሞ በነፃ አልነበረም፤ እሷና እኔ የእሱን ጤፍ አረምን። ወንፈል ነው። በነሐሴ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ጤፉን ከአረሙ መለየት የተማርሁት ያኔ ነው፤ ሁለቱ ገና በለጋነታቸው ይመሳሰላሉ፤ ስሳሳት ጣቴን በጣቷ መታ ታደርገኝ ነበር።

ብዙ ሰው ስለ ዘመድ አዝማድ ሲያወራ ፍቅርን ነው የሚያነሣው። ፍቅሩስ አለ። ግን ወንድምና እህትን በገጠር አንድ ላይ የሚያቆየው የጋራ ሥራ ነው፤ በአንድ ጎታ መብላት፣ ለአንድ በሬ ገለባ መሸከም። ወንድሜ አጎቴ ቤት ሄዶ ቢሆን ኖሮ በዓመት በዓል አየዋለሁ፤ እንዋደዳለን። የእናቴ ልጅ እለዋለሁ፤ በኛ አማርኛ ከዚህ የሚበልጥ የቅርበት ቃል የለም፤ «ወንድሜ» ከሚለው ይልቅ አንጀት ይበላል። ግን ለምን እንደሚቆጣ፣ ሲደክመው ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ አውድማው ልውሰዳችሁ። ጥር ነው። ጤፉ ተወቅቷል፣ ገለባው በነፋስ ወጥቷል፣ ምርቱ መሐል ላይ ተከምሯል። አጎቴ በቁና እየሰፈረ አንድ ለእናንተ፣ አንድ ለእኔ ይላል። እትዬ ራቅ ብላ ቆማለች። ፊደል አልቆጠረችም። እጇ ውስጥ ጠጠር ይዛለች። አንድ ቁና ወደኛ ሲገባ አንድ ጠጠር ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትጥላለች፤ ወደ አጎቴ ሲገባ በሌላው ጫፍ። አጎቴ አየና መስፈሩን አቆመ። ፊቱ ተለወጠ። «ልጄ፣ ትጠራጠሪኛለሽ?» አለ።

«አጎቴ፣ እኔ እርስዎን አልጠራጠርም» አለችው። «እነዚህ ሲያድጉ እንዳይጠረጥሩዎት ነው።»

ብዙ ቆየ። ከዚያ «ቁጠሪ» አለና መስፈሩን ቀጠለ። በሚቀጥለው ዓመት ጠጠር ሳትይዝ ብትመጣ «ጠጠሩስ?» ብሎ የጠየቃት እሱ ራሱ ነው። አጎቴ ደህና ሰው ነበር። ግን ደህንነቱን ያቆየለት ቆጠራው ይመስለኛል። ብቻውን ቢሰፍር፣ አንድ ክፉ ዓመት ቢመጣ፣ የራሱ ልጆች ቢራቡ፣ አንዲት ቁና ወደዚያ ብታጋድል ማን ይፈርድበታል?

የእኔ አንድ ነገር ይህቺው ናት፤ ስለዚህ ግልጽ ላድርጋት። የልጆቹን መሬት የሚያርሰው ሰውና ስለ ልጆቹ መሬት በሕግ የሚፈርመው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም።

ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ ባጭሩ ልለፈው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች፣ ሴት ወንድ ሳይባል፣ እኩል ወራሾች ናቸው ይላል። የቤተሰብ ሕጋችን ለልጁ አካልና ደኅንነት ኃላፊ የሚሆነውን አሳዳሪ፣ ለንብረቱ የሚቆመውን ሞግዚት ብሎ ይለያቸዋል፤ ወላጆች ሳይሾሙ ከሞቱም ኃላፊነቱ ለአያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ቀጥሎ ለአክስትና ለአጎት ይሄዳል። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 እናትና አባታቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሞግዚታቸው አማካይነት በመሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፎ ነበር። እሱን በ2016 አዋጅ 1324 ተክቶታል። በአማራ ክልልም 133/1998 ነበር፣ አሁን 252/2009 ነው። ወረቀቱ ላይ የሙት ልጅ አልተረሳም።

ችግሩ ቀበሌ ላይ ስትወርዱ ነው። ሁለቱ ቃላት ሞግዚትና አሳዳሪ አንድ ይሆናሉ። ልጁን ያበላው ሰው ወረቀቱንም ይይዛል፣ መሬቱንም ያርሳል። በሰፈርም በፍርድ ቤትም ደጃፍ ይሄ ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ «የሚያሳድጋቸው እሱ አይደል?» ይባላል። ነው። ግን ጎታው ውስጥ የሚገባውን የሚቆጥር ሦስተኛ ሰው የለም።

እኔ ትምህርቴን ስጨርስ ወረዳ መሬት አስተዳደር ገባሁ። ወረዳውን አልጠራም፤ የማነሣቸው ሰዎች ልጆች አሏቸው። የሠራሁባቸው ዓመታት በክልሉ ከ1995 ጀምሮ የተካሄደው የመጀመሪያው ምዝገባ የወለዳቸው ክርክሮች የሚጎርፉበት ጊዜ ነበር። ምዝገባውን የሠሩት በየቀበሌው የተመረጡ ኮሚቴዎች ናቸው። ማሳው ላይ ቆመው ይጠይቃሉ፤ ይሄ የማን ነው? አዋሳኙ ማን ነው? ከዚያ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል፣ ቅሬታ ያለው ያቀርባል፣ ደብተሩ ይሰጣል። ብዙ መልካም ነገር አድርጓል፤ ደብተሩ ላይ የሚስትና የባል ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈ ጊዜ ስንት ሴት እንባ እንዳወጣች የሚያውቅ ያውቃል። የተበተኑ ልጆች ግን ማሳው ላይ አልቆሙም። አንዱ አዲስ አበባ ቀን ሠራተኛ ነው፣ አንዷ የሰው ቤት ናት፣ አንዱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ጎንደር ተሻግሯል። ኮሚቴው «የማን ነው?» ሲል «እኔ ነኝ የማርሰው» የሚል ሰው አለ። ተጻፈ።

አንድ ቀን ሦስት እህትማማቾች አብረው ቢሮዬ መጡ። ትልቋ 24 ወይ 25 ትሆናለች። ከተለያየ ከተማ ነው የመጡት፤ አንዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው እንኳ እንግዳ ለእንግዳ ናቸው፤ ወንበር ስሰጣቸው «አንቺ ተቀመጪ»፣ «የለም አንቺ» ይባባላሉ። እህት ለእህት እንዲህ ትህትና አይሰጣጥም። የአባታቸው መሬት በአጎታቸው ስም ተመዝግቧል። የአባታቸውን አዋሳኞች ስጠይቃቸው ማንኛቸውም አያውቁም። ስንት ጥማድ እንደነበረ አያውቁም። ሦስቱም የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሳው ዳር የነበረች የግራር ዛፍ። እሷንም አንዷ በስተ ቀኝ፣ ሌላዋ በስተ ግራ ነበረች አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ መጨረሻውን አልተከታተልሁም፤ ከቦታው ተዛውሬ ነበር። የሚከነክነኝ ግን መሬቱ አይደለም። ግራሯ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ጣል ላድርግ። በርስት ዘመን ልጅ የትም ቢበተን ከአባቱም ከእናቱም ወገን የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ተመልሶ ይጠይቅ ነበር። ለዚያ ነው ሽማግሌዎቻችን ትውልድ መቁጠር የሚችሉበት፤ ቆጠራው መብት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ አበቃ። ጭሰኛ ነፃ ወጣ፤ ማንም ቅን ሰው አይቆጭበትም። ግን ከዚያ ወዲህ በገጠር የመሬት ነገር ከሐረግ ይልቅ በመኖር የሚጸና ሆነ። እዚያው ቀበሌ መኖር፣ ማረስ፣ መታየት። ዘመዶቻችን ግን ልጆችን የሚያካፍሉት አሁንም በርስት ዘመን ልማድ ነው፤ «የትም ቢያድግ ይመለሳል» ብለው። ሲመለስ የሚጠይቀው ሐረጉን ሳይሆን ደብተሩን ነው።

ይህንን ያየነው በ1989 ነው። በክልሉ የመሬት ሽግሽግ መጣ። ሰው በቤቱ ተቆጠረ። እትዬ 19 ዓመቷ ነበር። ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ቤቱ ጭስ አለው፣ በረቱ ውስጥ ሁለት በሬ አለ (ቦራ አርጅቶ ነበር፤ ሌላ ወይፈን ገዝተናል)፣ አራት ልጅ በር ላይ ተሰልፏል። ከኛ ሰፈር ሌላ የሙት ልጆች ቤት ነበር፤ ልጆቹ በዘመድ ተወስደው ቤቱ ፈርሷል። ያ መሬት ወራሽ እንደሌለው የሟች መሬት ተቆጥሮ ለሌላ ተደለደለ። የኛ አራት ጥማድ ቀረልን። ልዩነታችን ሕግ አይደለም፤ ሦስት ጉልቻና ጭስ ነው።

አሁን ደግሞ የምትሉትን ልበል፤ አንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ እያየሁት ነው። «15 ዓመት የሆናት ልጅ ቤት እንድትመራ እያሞገስህ ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እሷ ከፍላበታለች። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ትንሿ እህታችን ነርስ ናት። እትዬ ዛሬም በአውራ ጣቷ ነው የምትፈርመው። በሰፈሩ ልክ ዘግይታ ነው ያገባችው፤ ለዚያውም «እኔን የሚፈልግ ወደዚህ ይምጣ» ብላ። መጣ። ሚስቱ ቤት ገባ ተብሎ ስንት ጊዜ ታምቷል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ አብሮን አረሰ። እህቴ ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠየቅኋት። ሳቀችና «ማን አስታውሶት» አለች። ዋሽታኛለች። ሳትዋሽ ስትቀር ዐይኗ አይሸሽም።

ስለዚህ ሕፃን ቤት ይምራ አልልም። የምለው ልጆቹን ከማከፋፈላችሁ በፊት ቤቱ በአዋቂ ድጋፍ መቆም ይችል እንደሆነ ጠይቁ ነው። ሦስት ነገር አየሁበት፤ ሦስቱም ገንዘብ ብዙ አይጠይቁም። ተዝካሩ በሬውን እንዳይበላ የነፍስ አባት አንድ ቃል ይናገር፤ ከማንኛችንም ሥልጠና ያ ቃል ይበልጣል። እድሩ ለቀብር እንደሚወጣው ሁሉ ለመጀመሪያው ክረምት አንድ ቀን ደቦ ይውጣ፤ እድር ለሟች እንጂ ለማሳ አይደለም የሚሉኝ አሉ፤ ደንቡን የጻፈው ሰው ነው፣ ይጨምርበት። ሦስተኛውን ብዬዋለሁ፤ ሞግዚቱ አራሹ አይሁን። አጎት ካረሰ አክስት ትፈርም፣ አክስት ወረቀቱን ከያዘች ሌላ ይረስ። ፍርድ ቤት ስትቆሙ ዳኛው ይህንን እንዲጠይቅ አስታውሱት፤ አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹን «ልጆቹን ታሳድጋለህ?» ይለዋል እንጂ «መሬታቸውን ማን ነው የሚያርሰው?» አይለውም።

ከመንግሥት ወገን ያለውም አይናቅም። ከ1997 ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት የሚሠራ ጉልበት የሌለውን ቤት በቀጥታ ድጋፍ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ ባለባቸው ወረዳዎች የሙት ልጆች ቤት እንደ አንድ ቤት ከተመዘገበ ሊደርሰው ይችላል። እንደ አንድ ቤት! ልጆቹ ከተበተኑ የሚመዘገብ ቤት የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ከ2008 ወዲህ ተጀምሯል፤ የሞት ማስረጃ በጊዜው የወጣ እንደሆነ የወራሽነት ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። እኛ ያንን ወረቀት ለማግኘት ሦስት ምስክር ይዘን ስንት ገበያ ቀን ተመላልሰናል።

ለረጅም ጊዜ በአገራችን ወላጅ አልባ ሲባል ማሳደጊያና ጉዲፈቻ ብቻ ነበር የሚታሰበን። በተለይ ኤች አይ ቪ በየቤቱ በገባበት፣ መድኃኒቱም ገና በነፃ መሰጠት ባልጀመረበት ዘመን፤ መድኃኒቱ በነፃ የመጣው በ1997 ነው። ታናሹ ባሕር ተሻግሮ ታላቁ ማሳ ላይ የቀረባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። በ2010 ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው ጉዲፈቻ በሕግ ቀረ። ጥያቄው ግን ቀረ ማለት አይደለም፤ አገር ውስጥ ተመለሰ። ከ2013 ወዲህ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎም በክልላችን የመጣው፣ ስንት ቤት ውስጥ የእርሻ ጉልበቱን እንደወሰደ እናንተም ታውቃላችሁ። ዛሬ ጠዋት በየትኛው ቀበሌ የስንት ልጅ ዕድል በግማሽ ቀን ስብሰባ እየተቆረጠ እንዳለ አስቡት።

እኛ አራታችን ጥል የለንም ብላችሁ እንዳትገምቱ። ከ4 ጥማድ ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል፤ አንድ ጥማድ ይዞ ገበሬ መሆን አይቻልም። ወንድሜ እዚያው አርሶ አደር ነው። እኔና ትንሿ «አንካፈልም፣ ይያዘው» አልን። በቃ ተባለ መሰላችሁ? ወንድሜ ተቆጣ። «ምጽዋት አትስጡኝ» አለ። ሁለት ዓመት ያህል አኩርፎኝ ነበር። እትዬ ናት ያስታረቀችን፤ በየዓመቱ ከምርቱ ጥቂት ቁና ጤፍ ለእኔና ለትንሿ እንዲልክልን አድርጋ። ጤፉ ደብረ ማርቆስ ላይ ስንገዛው ከምናወጣው የማጓጓዣው ወጪ ይብሳል። ግን ይላካል። ወንድሜ እየሰፈረ፣ እሷ እየቆጠረች።

አጎቴ ካለፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ከመጨረሻ ሚስቱ የወለዳቸው ገና ያልጠኑ ልጆች ነበሩት፤ እናታቸው ቀድማ ሄዳለች። ለአርባው ሁላችንም ሄድን። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንዱ «ትልቁን እኔ ወስጄ...» ብሎ ሲጀምር እትዬ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ አሁን እሷን የሚያቋርጣት ሰው የለም። የጠየቀችው ያንኑ ነው።

በሬው አልታረደም። ወንድሜና ባሏ ተቀናጅተው ሁለት ቀን አረሱላቸው፤ ቀሪውን ጎረቤት በወንፈል ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ የእነሱን መሬት የእኩል ያረሰው የአጎቴ ታላቅ ልጅ ነው፤ ሞግዚት የሆነችው ግን እትዬ ናት፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዳ በአውራ ጣቷ ፈርማ። የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ አልያዘላቸውም፣ በረዶ መታው። በሁለተኛው ያዘ።